አንድ ቃል ስንት ፍቺ አለው? የምናውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ለምን ያሳስተናል

ጥያቄው፦ «የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሼ ስለመጣሁ እንግሊዝኛዬ ደኅና ነው ብዬ አስብ ነበር። እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቤት ከገባች በኋላ ነርስ ደወለችና ‹ኤኒ ዲስቻርጅ?› ብላ ጠየቀችኝ። ዲስቻርጅ ሲባል የማውቀው ከሆስፒታል መውጣትን ስለሆነ ‹አዎ፣ ማክሰኞ ዕለት› ብዬ መለስኩ። ነርሷ ደንግጣ እናቴን ቶሎ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ፤ ለካ የጠየቀችኝ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ እንዳለ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ገዝቼ የተለመዱ ቃላትን ፍቺ ከመዝገበ ቃላት እየገለበጥኩ እሸመድዳለሁ፤ ‹ገት› የሚለው ብቻ አራት ገጽ ሞላብኝ። ስንት ፍቺ ባውቅ ይበቃኛል? ከእነዚህ ሁሉ ዋናው የትኛው ነው? ወንድሜ ደግሞ ‹እንግሊዝኛ ሥርዓት የሌለው ቋንቋ ነው፤ አማርኛ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም› ይላል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሣ፤ የቀረው መልስ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና። ወንድምዎ ያሉት ትክክል አይደለም። «ቆረጠ» የሚለውን የአማርኛ ግስ እንመልከት። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ይቆርጣል፣ መንገደኛ ትኬት ይቆርጣል፣ ባለሱቅ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሽማግሌዎች የሠርግ ቀን ይቆርጣሉ፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ያልተስማማውን ምግብ የበላ ልጅ ሆዱን ይቆርጠዋል። «ገባ»ም እንደዚያው ነው፤ ክረምት ይገባል፣ ሰው ቃል ይገባል፣ ነገር ይገባናል፣ ምስጋናም ለሚገባው ይሰጣል። አማርኛ የሚማር አንድ እንግሊዛዊ እነዚህን በደብተር ልያዝ ቢል እርሱም አራት ገጽ ይሞላ ነበር። እኛ ጣጣው የማይታየን ጣጣ ስለሌለ አይደለም። «ቆረጠ»ን ከነፍቺዎቹ ዝርዝር ሸምድደን ስለማናውቅ ነው። ትኬት መቁረጥን ከአውቶቡስ ተራ፣ ተስፋ መቁረጥን ካዘነ ሰው አፍ፣ ቀን መቁረጥን ከሽምግልና ወሬ፣ እያንዳንዱን ከነጓደኛው እየሰማን አደግን። ይህን ነጥብ ያቆዩልኝ፤ ስለ ደብተርዎ የምለው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

ቀጥሎ መለየት ያለበት፣ «ብዙ ፍቺ ያለው ቃል» በሚለው አንድ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው መኖራቸው ነው። አንደኛው ዘር ሳይጋሩ በድምፅ የተገጣጠሙ ቃላት ነው። በአማርኛ «ሳለ» ስንል ቢላዋ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ ማለታችን ሊሆን ይችላል። እነዚህ በግእዝ ሦስት የተለያዩ ግሦች ነበሩ፤ የቢላዋው ሰሐለ፣ የሥዕሉ ሠዐለ፣ የጉንፋኑ ሰዐለ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን እየተወ፣ የሁለቱን ሰ ልዩነትም በአነጋገር እያጠፋ ሲመጣ ሦስቱ አንድ ቦታ ወደቁ። የቢላዋ ስለት እና ለታቦት የሚገባው ስለት አንድ መልክ የያዙትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው መለመንን ከሚያመለክተው ከግእዙ ስእለት የመጣ ነው። እንግሊዝኛም ይህንኑ አሳልፏል። የኳስ ግጥሚያው «ማች» እና ክብሪቱ «ማች»፣ ሚዛናዊ ማለት የሆነው «ፌር» እና ባዛሩ «ፌር» ዝምድና የላቸውም። በእነዚህ መካከል ድልድይ ለማግኘት መድከም ከንቱ ነው፤ ሁለት ቃላት ናቸውና እንደ ሁለት ቃላት ይያዙ። ደስ የሚለው ቁጥራቸው ውስን መሆኑ ነው፤ ርቀታቸው ሰፊ ስለሆነም አንዱን በሌላው የምንሳሳተው ከስንት አንዴ ነው። የክብሪትና የኳስ ወሬ አይምታታም።

ሁለተኛው ዓይነት ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ያሉት ቃል ነው። እርስዎን ያሳሳተዎትም ይኸው ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። «ዲስቻርጅ»ን ለመረዳት ከ«ቻርጅ» መጀመር ያስፈልጋል። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው በጋሪ ላይ መጫን ነው፤ ዛሬ «ካር» እና «ካርጎ» የምንላቸውም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። ጭነት የሚለውን የአማርኛ ቃል በአእምሮዎ ይዘው ፍቺዎቹን አንድ በአንድ ቢያዩአቸው ሁሉም ከእርሱ ሲወጡ ይታዩዎታል። በጠመንጃ ውስጥ የሚታጨቀው ባሩድ ጭነት ነው፤ በኋላም በስልክዎ ባትሪ የሚሞላው ኤሌክትሪክ የባሩዱን ስም ወረሰ። በሰው ትከሻ ላይ የሚጫነው ኃላፊነት ነው፤ ስለዚህ «ኢን ቻርጅ» የሆነ ሰው ኃላፊ ነው። በኪስ ላይ የሚጫነው ክፍያ ነው፤ በስም ላይ የሚጫነው ክስ ነው። «ዲስ» የምትለዋ መነሻ ደግሞ ማራገፍን ታመጣለች። መርከብ ዕቃውን ሲያራግፍ፣ ጠመንጃ ሲተኩስ፣ ባትሪ ሲያልቅ፣ ወታደር ከሠራዊት ሲሰናበት፣ ባለዕዳ ከዕዳው ነጻ ሲባል፣ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲሸኝ፣ ቁስል ያጠራቀመውን ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛ አንድ ተግባር ነው፤ የያዙትን መልቀቅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። አማርኛም እኮ ለሁለቱም «ወጣ» ይላል፤ እናትዎ ከሆስፒታል ወጡ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ ወጣ። ታዲያ ነርሷ አማርኛ ተናጋሪ ብትሆን ኖሮ ስሕተቱ ለምን አይፈጠርም ነበር? የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ላይ አትሞ ስለሚዞር ነው። «ወጡ?» እና «የሚወጣ ነገር አለ?» በምንም ዓይነት አይምታቱም። ነርሷ የተጠቀመችው ግን ባለቤት የሌለው፣ ከየት ወደየት እንደሆነ የማይናገር ደረቅ ስም ነበር። በሥራ ቦታ የሚነገር እንግሊዝኛ፣ በተለይም በስልክ፣ ይህን ማሳጠር ይወድዳል። ተናጋሪዋ ቁስሉን በልቧ ይዛ ተናገረች፤ እርስዎ የሆስፒታሉን በር በልብዎ ይዘው ሰሙ። ጥፋቱ የቃላት እጥረት ሳይሆን የጎደለው ዐውድ ነበር። ደብተርዎ ይህን ጉድለት ሊሞላው አይችልም፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ፍቺዎች በዚያ ቀን ቢያውቋቸው እንኳ የትኛው እንደተፈለገ አሁንም መጠየቅ ያስፈልግዎ ነበር።

ብዙ ፍቺ የሚበዛው ለምን በተራ ቃላት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ በእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ በግልጽ ባይነሣም ከሥሩ አለ። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ምሁር ጆርጅ ዚፍ በ1945 እንዳሳየው፣ አንድ ቃል በተዘወተረ ቁጥር የሚሸከመው ፍቺ ይበዛል። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። ሰው አዲስ ነገር ሲገጥመው አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ በእጁ ያለውን፣ አጭርና ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ዘርግቶ ይጠቀማል፤ የተዘረጋው ፍቺ ከተለመደ ይጸናል። እንግሊዝኛ በዚህ ላይ የራሱ ታሪክ ጨመረበት። በጥንት ዘመን የቃላቱን ዓይነት የሚለዩለት መድረሻ ድምፆች ነበሩት፤ እነርሱን ጥሎ ሲጨርስ ስምና ግስ አንድ መልክ ያዙ። ስለዚህ «ቡክ» መጽሐፍ ነው፣ ቦታ ማስያዝም ነው፤ «ዋተር» ውኃ ነው፣ ማጠጣትም ነው። በመካከሉ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰፋሪዎች እነ «ገት» እና «ቴክ»ን አስገቡ፤ ከሰሜን ፈረንሳይ ከመጡት ኖርማኖች የ1066 ወረራ በኋላ ደግሞ የፈረንሳይኛ ቃላት በሕግ፣ በመንግሥትና በገበያ በኩል ጎረፉ። «ፋይን» ይህን ታሪክ በትንሹ ያሳያል። «ደኅና» ማለትም «የገንዘብ ቅጣት» ማለትም የሆነው ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል፣ መጨረሻ ከሚል፣ ስለሚወርዱ ነው። የመጨረሻውን ደረጃ የነካ ነገር ጥሩ ሆነ፤ ክርክርን የሚጨርስ ክፍያ ደግሞ ቅጣት ሆነ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትሙ «ሰት» (ማስቀመጥ) ለሚለው ግስ 430 ፍቺዎች መዝግቧል፤ በቅርቡ በተከለሰው ክፍሉ ደግሞ «ራን» (መሮጥ) የሚለው ግስ 645 ደርሶ ቀዳሚነቱን ወስዷል። እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ሰውን ለማስደነቅ ይነገራሉ፤ ተማሪን ግን ያስደነግጣሉ፤ ሊያስደነግጡም አይገባም። መዝገበ ቃላቱ የቆመው የእያንዳንዱን ቃል ታሪክ ከመጀመሪያው ለመመዝገብ ነው። በመርከበኞች ዘንድ ብቻ የሚነገረውን፣ ከመቶ ዓመታት በፊት የሞተውን፣ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ የሚቆጥሩትን ቅንጣት ልዩነት ሁሉ ለይቶ ይቆጥራል። ሌላ አዘጋጅ ያንኑ «ራን» በሃምሳ ክፍል ሊያጠቃልለው ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ፍቺ እንደ በግ የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ቆጣሪው የት ላይ መስመር እንደሚያሰምር ነው ቁጥሩን የሚወስነው። ስለዚህ «ስንት ባውቅ ይበቃኛል» ለሚለው ጥያቄ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ ሌላ ሰው ቢሰጥዎትም አይመኑት።

«ዋናው የትኛው ነው» የሚለውም በውስጡ ስሕተት ይዟል። ብዙ ሰው በመዝገበ ቃላት ቀድሞ የተጻፈውን ፍቺ እውነተኛው፣ የቀሩትን ደግሞ ቅጥያ አድርጎ ያያል። በታሪካዊ መዝገበ ቃላት ግን ቀድሞ የሚጻፈው የጥንቱ ነው። ዛሬ መልካም ማለት የሆነው «ናይስ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ሞኝ ማለት ነበር፤ መነሻው አለማወቅን የሚገልጽ የላቲን ቃል ነውና። ዛሬ ይህን ፍቺ ዋናው ብሎ የሚይዝ ሰው ማንንም አያመሰግንበትም። ለተማሪ የሚጠቅመው መለኪያ ዕድሜ ሳይሆን ዝውውር ነው። ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር በ1953 ሁለት ሺህ ያህል የተዘወተሩ ቃላትን ሲያሳትም ከእያንዳንዱ ፍቺ አጠገብ በስንት መቶኛ እንደሚያገለግል የጻፈው ይህን ስለተረዳ ነው፤ ለአንድ ቃል ከተዘረዘሩት ፍቺዎች ጥቂቶቹ አብዛኛውን ሥራ ይሸከማሉ። ዛሬ ለተማሪዎች ተብለው የሚዘጋጁት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ፍቺዎችን በአመዛኙ በዚሁ ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። እርስዎ የሚገለብጡት ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አራት ገጽ መሙላቱ ግን ለተማሪ ከተዘጋጀው እንዳልሆነ ያስጠረጥረኛል።

አሁን «ገት»ን አብረን እናፍርሰው። የቃሉን ፍቺ የሚወስነው ቀጥሎት የሚመጣው ነገር ዓይነት ነው። ቀጥሎ ስም ብቻ ከመጣ ማግኘት ወይም ማምጣት ነው፤ ደብዳቤ፣ ሥራ፣ ወተት። ቅጽል ከመጣ መሆን ነው፤ አማርኛም ብዙ ጊዜ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል፤ «ገት ሲክ» መታመም፣ «ገት ታየርድ» መድከም፣ «ገት ኦልድ» ማርጀት። የቦታ ስም ከመጣ መድረስ ነው። አንድ ዕቃ ተጠቅሶ ከእርሱ በኋላ የተደረገ ነገርን የሚያሳይ ግስ ከተከተለ ደግሞ ማስደረግ ነው፤ መኪናን ማሠራት፣ ፀጉርን ማስቆረጥ፣ አማርኛ በ«አስ» የሚለውን። አራት ገጽዎ አራት መስመር ሆነ። ከዚህ ውጭ የሚቀሩት «ገት አፕ»፣ «ገት ኦቨር»፣ «ገት ባይ» የሚሉት ጥምረቶች ናቸው፤ እነርሱን የ«ገት» ፍቺዎች አድርገው አይቁጠሯቸው። «ተስፋ ቆረጠ»ን ከመቀስ ጋር እንደማናያይዘው ሁሉ እነርሱም በሁለት ክፍል የተጻፉ ሌሎች ቃላት ናቸው፤ በየራሳቸው ይያዙ።

ይህ የ«ገት» ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1980ዎቹ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክሌር የተመራው ቡድን በኮምፒውተር የተሰበሰበ ብዙ ጽሑፍ እየመረመረ በ1987 ለተማሪዎች መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ያጎላው እውነት፣ ፍቺ በነጠላ ቃል ውስጥ ታሽጎ እንደማይኖርና ከአጎራባች ቃላት ጋር እንደሚመጣ ነው። «ቴክ» ብቻውን ምን ማለት ነው? ፎቶ ሲከተለው ማንሣት ነው፤ ወንበር ሲከተለው መቀመጥ ነው፤ አውቶቡስ ሲከተለው መሳፈር ነው፤ መድኃኒት ሲከተለው እንደ አማርኛው መውሰድ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ተከታዩ ስም ሲሆን «ቴክ» ከስሙ ሥር የተቀመጠ መሸከሚያ ብቻ ነው። «ራን»ም ቧንቧ ሲቀድመው ይፈሳል፣ አውቶቡስ ሲቀድመው ይመላለሳል፣ ሞተር ሲቀድመው ይሠራል፣ ሱቅ ሲከተለው ያስተዳድራል፤ በአሜሪካ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰውም «ራን» ያደርጋል፣ በእንግሊዝ ግን ያው ተወዳዳሪ «ስታንድ» ያደርጋል፣ ይቆማል። የሩጫን ሥዕል ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው በእነዚህ ሁሉ ይደናቀፋል፤ ሳይቋረጥ መንቀሳቀስ የሚለውን የያዘ ግን አብዛኛውን ሳይነገረው ይገምታል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን «ሻወር ወሰድኩ» ሲሉ የምንሰማው ይህንኑ የ«ቴክ» ጠባይ ወደ አማርኛ ስለሚያሻግሩት ነው። ገላዬን ታጠብኩ የሚለውን በዚያው ማስተማር ይገባናል።

የእናትዎ ነገር ያሳየኝ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የማናውቀው ቃል ያስጠይቀናል፤ የምናውቀው ቃል ግን ያስመልሰናል። ነርሷ በሕክምና ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚታወቅ ረጅም ቃል ብትጠቀም ኖሮ «ምን ማለት ነው?» ይሏት ነበር። ያሳሳተዎት «ዲስቻርጅ»ን ማወቅዎ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚገባው በባዕድ ቃላት ላይ ሳይሆን በልጅነታችን በተማርናቸው ቃላት ላይ ነው፤ በተለይም ዋጋቸው ከባድ በሆነባቸው ቦታዎች።

በሆስፒታል «ፖዘቲቭ» መልካም ዜና አይደለም፤ የተፈለገው በሽታ ተገኘ ማለት ነው። «ኔጋቲቭ» ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ሕመምተኛ አይቻለሁ፤ ያረፈው የምርመራው ውጤት ከበሽታ ነጻ መሆኑን የሚያበስር እንደሆነ ሲነገረው ነው። «ስቱል» በትምህርት ቤት መደገፊያ የሌለው ወንበር ነበር፤ ለላቦራቶሪ ሲጠየቁ ግን ሰገራ ነው፤ ቃሉ ከመጸዳጃ ወንበሩ ወደ ሚወጣው ነገር የተሻገረ ነው። በባንክ ደብዳቤ ላይ «አውትስታንዲንግ» የሚለውን አይቶ የተመሰገነ የመሰለው ሰው ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት ነው የተጻፈለት፤ «ኢንተረስት»ም በዚያ ወለድ እንጂ ፍላጎት አይደለም። በፍርድ ቤት «ሴንተንስ» ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የቅጣት ውሳኔ፣ «ፓርቲ» ድግስ ሳይሆን ተከራካሪ ወይም ተዋዋይ ወገን ነው። «ኤክስኪዩት» የሚለውን በዜና ከሞት ቅጣት ጋር ብቻ የሰማ ሰው፣ ውልን «ኤክስኪዩት» ማድረግ ፈርሞ ማጽናት መሆኑን ሲያውቅ ይገረማል። ከሁሉም የሚያስቸግሩት ከራሳቸው ጋር የሚቃረኑት ናቸው። «ሳንክሽን» መፍቀድም ማዕቀብ መጣልም ነው። «ቴብል» ማድረግ በእንግሊዝ አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ሲሆን በአሜሪካ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገሮች ሹማምንት አንድ ሐሳብ ላይ ተስማምተው ሳለ በዚህ ቃል ምክንያት ረጅም ክርክር እንደገጠሙ ቸርችል ራሱ ጽፏል። እንግዲህ አፍ የፈቱበት ሰዎች እንኳ የማያመልጡት ነገር ነውና እርስዎ ስለተሳሳቱ ማፈር አይገባዎትም።

በስልክዎ ያለውን ተርጓሚ ስለ መጠቀምም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዬሆሹዋ ባር-ሂሌል የተባለ እስራኤላዊ የሥነ አመክንዮ ሊቅ በ1960 ማሽን በትክክል ሊተረጉም አይችልም ብሎ ሲከራከር ያቀረበው ምሳሌ «ፔን» የሚለው ተራ ቃል ነበር። ሕፃኑ የመጫወቻ ሣጥኑን «ፔን» ውስጥ አገኘው ቢባል፣ ሣጥን ብዕር ውስጥ እንደማይገባ፣ ይህኛው «ፔን» ሕፃናት የሚጫወቱበት አጥር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው አለ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች እርሱ ከገመተው በላይ ርቀዋል፤ በ2016 አማርኛን የጨመረው ጉግል ትርጉምም ሆነ ሌሎቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሰጣቸው ብዙ ጊዜ ተገቢውን ፍቺ ይመርጣሉ። ነጠላ ቃል ሲሰጣቸው ግን እንደ እርስዎ ይገምታሉ፤ ለዚያውም ሳያመነቱ። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ጽፈው ትርጉም አይጠይቁ፤ ቢያንስ ቃሉ የተገኘበትን ሙሉ ሐረግ ይስጡ። ለሐኪም መልስ፣ ለፍርድ ቤት ወረቀት፣ ለሚፈረም ውል ደግሞ ጨርሶ አይመኑበት።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህ ነው፤ አማራጭ አድርጌ ሳይሆን ጨክኜ ነው የምለው። የጀመሩትን ደብተር ይዝጉት። በአዲሱ ላይ ነጠላ ቃል አይጻፍበት፤ በጆሮዎ የሰሙትን ወይም በዓይንዎ ያነበቡትን ሐረግ፣ ከተሰማበት ቦታና ከተናጋሪው ጋር ብቻ ይጻፉ። ለምሳሌ «ኤኒ ዲስቻርጅ፤ ነርስ፤ ስለ ቁስል፤ ፈሳሽ ይወጣል ወይ» በሚል አንድ መስመር ይግባ። ያው ቃል በሌላ ቀን ከሌላ ጓደኛ ጋር ሲመጣ ሌላ መስመር ይጨምሩ። ሦስት አራት መስመር ሲጠራቀም ግንዱ ምን እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ፤ «መልቀቅ»፣ «መጫን»፣ «ሳይቋረጥ መንቀሳቀስ» የሚል አጭር የአማርኛ ቃል ካገኙለት ከላይ ይጻፉት፤ ካላገኙለት ይለፉት፤ እንደ ሁለቱ «ማች» ዘር የማይጋሩ ሊሆኑ ይችላሉና። አዝጋሚ ይመስላል። የሰሙት ሐረግ ግን ድምፁና ቦታው ስለሚታወስ ይቆያል፤ ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠው ደግሞ በሳምንቱ ይጠፋል። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት በዝርዝር ሸምድዶ የተሳካለት ተማሪ አላየሁም፤ በሐረግ ይዞ ያልተሳካለትም አላየሁም።

ሐረግ መያዝ የማያድነው ቦታ አለ፤ እርሱም የሰው ሕይወት፣ ገንዘብ ወይም ነጻነት የተያዘበት ንግግር ነው። እዚያ ግምት አያስፈልግም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይበቃው ሕመምተኛ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ ለእናትዎ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ያስመዝግቡ፤ በስልክም ይገኛል። ልጅ ለእናት ማስተርጎሙ ከፍቅር ቢመጣም ለሁለታችሁም ሸክም ነው፤ እናት ለልጅ የማትነግረው ሕመም አለና።

ድንገት ሲደወልልዎና አስተርጓሚ በሌለበት ደግሞ ጥያቄውን ሳይመልሱ መጀመሪያ በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሯት። «ዱ ዩ ሚን ፍሉይድ ካሚንግ ፍሮም ዘ ዉንድ?» ማለትም «ከቁስሉ ስለሚወጣ ፈሳሽ ነው የሚጠይቁኝ?» ብለው ያረጋግጡ። ነርሷ ይህን እንደ ድክመት አታየውም፤ እነርሱም የተረዳ ሰው የተረዳውን መልሶ እንዲነግራቸው እንዲጠይቁ ነው የሚሠለጥኑት። አዎ ካለችዎ ቀጥሎ የምትፈልገው የፈሳሹን ቀለም፣ ውፍረት፣ ሽታና መጠን፣ እንዲሁም ትኩሳት መኖር አለመኖሩን ነው። ከመደወሏ በፊት የእናትዎን ቁስል መሸፈኛ አይተው እነዚህን በወረቀት ላይ ጽፈው ይቆዩ።